አያ አለኸኝ፦ ያለ ሊብሬ ከግቢ ያልወጡት ሹፌር

የፍኖተ ሰላሙ ሹፌር አቶ አለኸኝ፣ ለአብዛኞቻችን አያ አለኸኝ፣ በጠዋት ከወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ድንገት አርፈዋል። ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል። ቀብራቸውም በዚያው በፍኖተ ሰላም ተፈጽሟል። መንገድ ዝግ ስለነበር ከቡሬም፣ ከደምበጫም፣ ከቋሪትም ልትደርሱ ያልቻላችሁ ብዙ ናችሁ። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ቆሞ ያልቀበረ ሰው እርሙን ማውጣት ይቸግረዋልና፣ እንዴት እንደሄዱ ብታውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ ኑሩ ነኝ፤ የቡሬው የጨው ነጋዴ ልጅ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት ግን የአያ አለኸኝ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ጭነት ያስራል፣ ጎማ ይፈታል፣ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ታኮው ተራ ጉማጅ እንጨት ነው፤ አያ አለኸኝ ግን ለሱ ሕግ ነበራቸው። ሞተር አስነሥተው፣ ማርሽ አስገብተው እንኳ፣ ታኮው መነሣቱን የሚነግር «ተነሥቷል» የሚል ቃል ከአፌ ካልሰሙ መኪናዋን አያንቀሳቅሷትም። ታኮውን ይዤ ስቆም በመስታወት እያዩኝ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ደምበጫ ላይ ተናድጄ «እያዩኝ አይደል እንዴ?» አልኳቸው። «ዓይን ይሳሳታል ኑሩ። ቃልህን ስጠኝና ልሂድ» አሉኝ። ቃሌን ሰጠኋቸው፤ ሄድን።

መንገድ ላይ ሥጋ ሲያምራቸው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የክርስቲያን ሥጋ እኔ አልበላም፤ የሙስሊም ሥጋ እሳቸው አይበሉም። ሌላው ሹፌር ረዳቱን ወደ ሌላ ቤት ይልክና የራሱን ጥብስ ያዝዛል። እሳቸው «ሽሮ፣ በአንድ ትሪ» ይሉ ነበር፤ በፍስክም በጾምም። በረመዳን አብረውኝ ይጾሙ ነበር ብዬ አልዋሽም። ውኃቸውን ግን ከጋቢናው ወርደው፣ በመኪናዋ ኋላ ዞረው ነበር የሚጠጡት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳር ይዘው ያቆሙና «ጎማ እይ» ይሉኛል። ጎማው ምንም አልሆነም። እንዳፈጥር ነው።

ከቋሪት፣ ከገበዘ ማርያም ባዶ መኪና ይዘን ስንመለስ መንገድ ዳር የሚጠብቁን እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸው ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው ይማራሉ፤ ስንቅ ሊልኩላቸው ነው። በሶው፣ ድርቆሹ፣ ስንት ዓይነት ቋጠሮ። አያ አለኸኝ አንዱንም መናኸሪያ አራግፈው አያውቁም፤ ያቺን ግዙፍ መኪና በየሰፈሩ ጠባብ መንገድ እያሹለከለኩ በየደጃፉ ያደርሱ ነበር። «የሲሚንቶ ባለቤት ራሱ ይመጣል፤ የተራበ ልጅ ግን የት ይመጣል?» ይሉኛል። ይህን ከሚያነቡት መካከል ያንን በሶ የበላችሁ አትጠፉም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይናቸውን ግላኮማ ያዛቸው። ፊት ለፊት ያያሉ፤ ግራና ቀኙ ግን ጨለመባቸው። መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄደው የዓይን ምርመራውን አላለፉም። አልተከራከሩም። ቁልፉን ማደያ ላይ ለባለንብረቱ አስረከቡና ከዚያ እስከ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ እንደነገሩኝ፣ ከዚያ በኋላ የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር።

ልጃቸው ማስተዋል አዲስ አበባ ትሠራለች። ይህን ስትሰማ አንድ የጌም ኮምፒውተር ከነመሪውና ከነፔዳሉ ገዝታ ላከች። የጭነት መኪና የሚነዳበት ጨዋታ ጭናበታለች። እኔ ነኝ የገጠምኩላቸው፤ ደግሞም በልቤ ስቄያለሁ፤ እኝህ ሽማግሌ በአሻንጉሊት ይታለላሉ? ብዬ። ተቀመጡ፤ መሪውን ጨበጡ፤ ቀስ ብለው ግራ ቀኝ አዩ። ለካስ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው። መስታወቱ ሳይቀር ፊት ለፊት ነው። የተዘጋባቸው ጎን እዚያ ውስጥ የለም። ወይዘሮ የሻረግ በበሩ ቆመው ሲያዩአቸው እንባቸው መጣ፤ የእኔም ሳቅ ጠፋ።

ሲነዱ ቀልድ የለም። ሰው በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ቀይ መብራት ሲበራ ይቆማሉ። «አያ፣ መኪኖቹ እኮ እውነተኛ አይደሉም» አልኳቸው። «እኔ ግን እውነተኛ ነኝ» አሉ፣ አረንጓዴውን እየጠበቁ። ከሱቅ ስመለስ እየገባሁ አጠገባቸው በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። ከመነሣታቸው በፊት ዞር ብለው ያዩኛል። «ተነሥቷል» እላለሁ። ይሄዳሉ።

ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይል ጨምሮ መጣና ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ከፍቼ ባየው ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። ምንነቱን ጠየቁኝ። «ሻንሲው ይበሉት፤ ሞተሩም ሁሉም እሱ ላይ ነው የሚታሰረው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሻንሲ ከተቀየረማ በድሮው ሊብሬ አትሄድም» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ የመኪና ሊብሬ የሻንሲዋ ቁጥር የሚጻፍበት ደብተር ነው፤ የእኛም ነገር ልክ እንደዚያው ነውና። የዊንዶውሱ ፈቃድ ኮምፒውተሩን የሚያውቀው በቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ሲቀየር ሌላ ማሽን መስሎት አላውቅህም ይላል። ደግነቱ ማስተዋል ፈቃዱን በስሟ ገዝታ ከራሷ አካውንት ጋር አያይዛው ነበር። ስለዚህ ወደ አዲሱ ቦርድ ማዛወር ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ለጥቂት ደቂቃ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ኢንተርኔት ግን በአካባቢያችን ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ስልክ እንኳ ሲመጣ ሲሄድ ነበር።

ማስተዋል የላከችውን አዲስ ቦርድ አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልን። ገጠምኩት፤ ተነሣ። የሣጥኑን ክዳን ሳልዘጋ አያ አለኸኝ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ያቺ የጨዋታው መኪናቸው ስክሪኑ ላይ እንዳቆሟት ግቢዋ ውስጥ ቆማለች፤ የተቀበሉት ጭነትም እንዳለ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ግን ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ መጣ። «ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ።

ምናለ በዋሸሁ። «ፈቃዱ አልጸደቀም ነው የሚለው። ግን ጨዋታውን አይከለክልም፤ ዝም ብለው ይንዱ» አልኳቸው። እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ጽሑፉን የሚያጠፋ ክራክ አለኝ፤ አሁን ላጥፋልዎት?»

«ፎርጅድ ሊብሬ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ተወው» አሉ። ቀጥለውም «አንድ ጊዜ ከመሪ ላይ አንሥተውኛል ኑሩ። ሁለተኛ አልነሣም። የወረቀቷ ጉዳይ ሲያልቅ እነዳለሁ» አሉኝ።

ተናደድኩ፤ ዛሬም እናደዳለሁ። ማን ሊይዛቸው ነው? የትኛው ትራፊክ? እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋን ከግቢ አላወጧትም። ሊብሬ የሌላት መኪና ግቢ ውስጥ ሞተሯን ብታሞቅ የሚከለክል የለም ብለው፣ በየጠዋቱ ተነሥተው ያስነሷታል፤ ድምፅዋን ያዳምጣሉ፤ ያጠፏታል። ወይዘሮ የሻረግ «ዛሬም ጭነት የለም?» ብለው ሲያሾፉባቸው «መንገድ ዝግ ነው» ይላሉ። አስቆን ነበር። አሁን ያንን ሳቅ ሳስታውሰው ያቃጥለኛል።

አንድ ቀን ቆርጬ መጣሁ። «ሣጥኑን ተሸክሜ ባሕር ዳር ልውሰደው። እዚያ ኢንተርኔት አለ፤ አጽድቄው እመለሳለሁ» አልኳቸው። መንገዱ በእነዚያ ሳምንታት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አያ አለኸኝ መንገድ ሲከፋ አስቀድሞ ይታወቃቸዋል። ቀና ብለው አዩኝና «በሣጥን ፈቃድ ልታመጣ ሄደህ፣ አንተን በሣጥን ያምጡልኝ?» አሉኝ። «አያ፣ ሰው እኮ እየሄደ ነው» አልኩ። «ይሂድ። አንተ የእኔ ረዳት ነህ፤ ሳላዝህ አትወጣም» አሉ። ታዘዝኩ። ምነው ባልታዘዝኳቸው። ያን ሳምንት የሄዱት ሁሉ በሰላም ተመልሰዋል፤ ጎረቤቴ ሳይቀር ለሰርግ ዕቃ ደርሶ መጥቷል። እኔም ደርሼ በመጣሁ ነበር። ይህን ነገር ለማንም አውርቼ አይወጣልኝም።

ያን ዕለት ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሞተሯን አስነሡ። ወይዘሮ የሻረግ ጓሮ ሆነው ድምፁን ይሰማሉ። ሌላ ጊዜ ወዲያው ይጠፋል፤ ያን ዕለት ግን አልጠፋም። «ሊወጣ ነው እንዴ ሰውዬው?» ብለው ደስ እያላቸው ገቡ። የአያ አለኸኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ሞተሯ ይጮኻል።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይል ነበር። «ፈቃድ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንገቴን ደፋሁ። እኔ የማስበው ሌላውን ፈቃድ ነበርና አፈርኩ። ሬሳው ሲነሣ በከተማው ያሉ ሹፌሮች ክላክስ ነፉ። ሣጥኑን መኪና ላይ ጭነን ስናበቃ የመኪናው ረዳት ከጎማው ሥር ታኮውን አወጣ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኢንተርኔቱ ከቀብር በኋላ መጣ። ማስተዋልም መንገድ ሲከፈት ደረሰች። በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አካውንቷን ከፈተች፤ እኔ ማሽኑ ቦርድ መቀየሩን አስታወቅኩ። ተዛወረ። ያ ጥግ ላይ የነበረ ጽሑፍ ጠፋ። ይኸው ነበር፤ አንድ ስኒ ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ። ሦስታችንም መሪውን አየን። ወይዘሮ የሻረግ «እንግዲህ ማን ይንዳት?» አሉ። ማስተዋል አልቻለችም። እኔም የሹፌር ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ ረዳት ነኝ።

አያ አለኸኝ፤ ስምዎን በጠራን ቁጥር «አለኸኝ» ስንል ነበር፤ እውነታችንን ነበር፤ አሁን ስሙን ይዘን ቀረን። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ጭነቷን እንደያዘች ናት። ሊብሬዋ ወጥቷል፤ ፎርጅድ አይደለም፤ በልጅዎ ስም የተገዛው፣ እውነተኛው ነው። ሣጥኑን ተሸክሜ አለመሄዴን ይቅር ይበሉኝ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ቢሆኑም ይቅር ይበሉኝ። ነፍስዎን ይማር፤ እንደ ከተማዎ ስም ፍኖትዎ ሰላም ይሁን። አንድ ነገር ግን ሲያስጨንቀኝ ከረመ። እርስዎ ቃሌን ካልሰሙ አይንቀሳቀሱም፤ እኔ ደግሞ በቀብርዎ ዕለት ቃሌን አልሰጠሁም። በመስታወት እያዩኝ ቆመው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ልለቅዎት ስላልወደድኩ ነው አያ። አሁን ግን ይስሙኝ፤ ከኋላ ቆሜያለሁ፣ ታኮውን በእጄ ይዤዋለሁ።

ተነሥቷል፣ አያ። ተነሥቷል።