በሩ ዝግ ነበር

እንጀራዬ አጥር ነው። ከካብላኑ፣ ማለትም ሥራ ከሚሰጠኝ ተቋራጭ ጋር ሆኜ እዚህ እስራኤል ከነታንያ እስከ ቴል ሞንድ ያልተከልኩት የብረት አጥር የለም ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሰው ስለ አጥር ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት አልችልም፣ ካላረምኩ ያመኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራዬ ምን እንዳስደረገኝ ልናገር ብዬ ነው።

አባቴ ነታንያ ውስጥ ሺኩን ቫቲኪም በሚባል ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ የምድር ወለል ላይ ባለች ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ከቤቱ ኋላ ትንሽ ግቢ አለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባቸው አምስት ቄብ ዶሮዎች ገዙ። አውራ አልጨመሩም፣ በጩኸቱ ጎረቤት እንዳይቆጣ ብለው ነው። ሻባትን፣ ማለትም ሰንበትን፣ እሳቸው ዘንድ ስለማሳልፍ ጠዋት ከዶሮዎቹ ጋር ሲያወሩ በመስኮት እሰማቸዋለሁ። ገብስማዋን "እሜቴ" ይሏታል። ከእኔ ጋር በሳምንት የማያወሩትን ከእሷ ጋር በአንድ ጠዋት ያወራሉ።

ችግሩ ቀበሮ ነበር። ከሕንፃዎቹ ወዲያ ካለው ባዶ ሜዳ እየመጣ የቆሻሻ ገንዳ ይጎረጉራል። ስለዚህ አባቴ ሲመሽ ዶሮዎቹን ወደ ቤት እያስገቡ ሻወር ቤት ያሳድሯቸው ነበር። በጎንደር ዶሮ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው፣ እሳቸው ሌላ አያውቁም። እኔን ደግሞ ሽታው አንገሸገሸኝ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይላል እያልኩ ስነጫነጭ ከረምኩና ውጭ ላይ ቀበሮ የማይደፍረው ቤት ልሥራልዎት አልኳቸው።

አንድ ዓርብ የብረት ቋሚዎቹንና የሽቦ መረቡን ጭኜ ሄድኩ። ዙሪያውን ወጠርኩት፣ ከላይም በመረብ ሸፈንኩት፣ በሩን ገጥሜ መቀርቀሪያ አደረግሁለት። አባቴ ከእንጨት ቆጥ ሠርተው ከፍ አድርገው ሰቀሉበት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ዞር ዞር አሉና የመረቡን ሥር ቆርቆር ቆርቆር እያደረጉ፣ ከታችስ ብለው ጠየቁኝ። አገር ቤት አውሬ ወደ በረት የሚገባው እየማሰ እንደሆነ ነገሩኝ።

አውቃለሁ እኮ! ሥራዬ አይደል? መረቡ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ የሚምሰው አውሬ እሱ ላይ ሲደርስ ይተወዋል። ለማላውቀው ሰው ሁሉ እንደዚያ አድርጌ ነው የምሠራው። ግን አፈሩ የሲሚንቶ ስብርባሪ የሞላበት ነበር፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ ሻባት ሊገባ ነው፣ ገላዬን መታጠብ አምሮኛል፤ ሳልቀብረው ተውኩት። አባቴ ዶሮዎቹ ለዛሬ ቤት ይደሩ፣ ሰንበት ሲወጣ ትጨርሰዋለህ አሉኝ። ደሜ ፈላ።

"አባ፣ አጥር የማን ሥራ ነው?" አልኳቸው። "የእኔ ነው የእርስዎ?"

 ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አስገቡ፣ መቀርቀሪያውን ራሳቸው ወረወሩ፣ ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ አባቴ በማለዳ በፊት ለፊቱ በር ወጥተው ወደ ቤት ክኔሴት፣ ወደ ምኩራቡ፣ ለጸሎት ስለሄዱ ግቢውን አላዩም። እኔ አርፍጄ ተነሣሁና በነጠላ ጫማ ወደ ኋላ ወጣሁ። ላባ ነው ያየሁት፣ በየቦታው ላባ።  መቀርቀሪያው እንደተወረወረ ነበር፣ ከፍቼ ገባሁ። ሦስቱ ሞተዋል፣ አንዷ የለችም። ገብስማዋ ብቻ አባቴ በሠሩት ቆጥ ላይ ኩርምት ብላ ትንቀጠቀጣለች። ከውኃ ሳፋው ኋላ፣ ከመረቡ ሥር፣ ራስ የሚያስገባ ጉድጓድ ተምሷል።

በዚያች ሰዓት ምን አሰብኩ? ዶሮዎቹን አላሰብኩም፣ አባቴንም አላሰብኩም። አጥረኛው የሠራውን እዩልኝ የሚል ሰው ነው የታየኝ። ሳላውቀው እግሬ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መለሰው፣ ረጋገጥኩት፣ ሳፋውን ጎትቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሰንበት መሆኑ፣ በሰንበት አፈር መንካት ክልክል መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ቀና ስል አባቴ በነጭ ልብሳቸው ከኋላዬ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየሁም። ዶሮዎቹን አዩ። ከዚያ እኔ ከፍቼ የገባሁበትን በር አዩ።

"በሩ ክፍት ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

ምነው ምላሴን በቆረጠው! አንዲት ቃል ናት፣ ግን ወጣች። አባቴ መቀርቀሪያውን በጣታቸው ነካ አደረጉትና ዘግቼው ነበር እኮ አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አይዞዎት፣ ዕድሜ ነው፣ ሁሉም ሰው ይረሳል አልኳቸው። አጽናናኋቸው! ከመዋሸቴ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ማጽናናቴ ነው።

በሳምንቱ መሬቱን ቆፍሬ መረቡን በደንብ ቀበርኩ፣ ጉድጓዱ የነበረበትንም በሲሚንቶ ደፈንኩት። አሁን ዝሆን አይገባበትም። ግን የሚያድርበት ጠፋ። አባቴ ገብስማዋን ቴል ሞንድ ላለ ወዳጃቸው ሰጧት፣ እሷንም ረስቼ አስበላታለሁ ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ምድጃውን ማጥፋታቸውን ሦስት ጊዜ ያያሉ። በአውቶቡስ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ሄደው ከአብሮ አደጎቻቸው ጋር መጫወት የሳምንታቸው ደስታ ነበር፣ እሱንም መውረጃው ቢጠፋኝስ ብለው ተዉት። አንድ ቀን የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው በእጄ አስጨበጡኝ። ከእንግዲህ በር የሚባል ነገር ለእኔ አይሆንም አሉኝ። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈታል፤ ቁልፉን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ያኔም አልተናገርኩም።

ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ ጥሩ ልጅ ናት፣ ረጋ ብላ የረሱት ነገር ካለ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ዶሮዎቼን በር ሳልዘጋ አውሬ አስበላሁ" አሉ። እሷ እኔን አየችኝ። እኔም ያሉትን አንዲት ቃል ሳላጎድል ወደ ዕብራይስጥ መለስኩላት። ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችው። ሌላ ምርመራ አዘዘችላቸው። አባቴ እግዜር ይስጥሽ ብለዋት ወጣን።

አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ አላስችል አለኝ።

"አባ፣ በሩ ዝግ ነበር" አልኳቸው።

ሁሉንም ዘከዘክሁት። ጉድጓዱን፣ ሳፋውን፣ በእግሬ የመለስኩትን አፈር፣ አንድም አላስቀረሁም። ፊቴ እንደ እሳት ይፋጃል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። እስክጨርስ ድረስ ሰሙኝ። እንዲቆጡ ነበር የምፈልገው። ምነው በያዙት ምርኩዝ ባሉኝ! እሳቸው ግን እጄን ይዘው መታ መታ አደረጉኝ።

"አየ ልጄ፣ ለእኔ ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ" አሉኝ። "እኔ በሰንበት ጉድጓድ የሚደፍን ልጅ አላሳደግሁም።"

ማልኩላቸው፣ ለእኔ ስትል መሐላ አታብዛ አሉኝ። ጉድጓዱን ላሳይዎት ልላቸው አልኩና ተውኩት። የቱን ጉድጓድ? በሲሚንቶ የደፈንኩት እኔው፣ ሥራው ደግሞ ያማረ፣ ስንጥቅ እንኳ የለው።

በማግስቱ ለሐኪሟ ብቻዬን ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ አየችኝና የተጻፈውን አስተካከለችው፣ ደቂቃም አልፈጀባት። አባቴን ግን እስካሁን ማሳመን አልቻልኩም። ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር ይመርቁኛል።

አሁንም ሻባት ሊገባ ሲል እሄዳለሁ። ከውጭ ተመልሰን ደጃፉ ላይ ስንደርስ አባቴ ገለል ብለው ይቆማሉ፣ ቁልፉን ከኪሴ እስካወጣ ይጠብቁኛል። እሑድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እስከ በሩ ይሸኙኛል።

"አንተ ዝጋው" ይሉኛል። "የእኔ አይታመንም።"

እዘጋዋለሁ። እሳቸው ከውስጥ ሆነው ሁለቴ ሳብ ሳብ ሲያደርጉት እሰማለሁ።