ሙላው የመረጣቸው ሸርጣኖች

ሥራ የጀመርኩ ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ታደገ ነጭ ጋወን ሰጡኝና ወደ ናሙና ክፍሉ ወሰዱኝ። መደርደሪያው ላይ አልኮል የተሞሉ ብልቃጦች ተደርድረዋል። እንሽላሊት አለ፣ እባብ አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ እግሮቿን አጥፋ የተቀመጠች አንዲት ሸርጣን አለች። «እነዚህን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አልኮሉ ሲጎድል ትሞያለሽ። ክዳኑ ሲላላ ታጠብቂያለሽ። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።»

የተቀጠርኩት ወልድያ ውስጥ በባዮሎጂ ላቦራቶሪ ረዳትነት ነው። ከእኔ በላይ ቴክኒሻኑ፣ ከእሱ በላይ ኃላፊው፣ ከኃላፊው በላይ መምህራኑ ነበሩ፤ ከእኔ በታች ማንም አልነበረም። የመርሳ ልጅ ነኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አላየሁም። ሆኖም ከሥራ ዘመኔ የሚበልጠው ያለፈው የባሕር ሸርጣን ስለካ ነው። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለገቡት ረዳቶች ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ረጅም ነገር በአንድ መቀመጫ መጨረስ ስለማልችል ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የሸርጣኑን ሥራ ያመጡብን ከመምህራኑ አንዷ፣ ዶክተር ሰዓዳ ናቸው። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ። «እትዬ ዘነቡ፣ ኧረ አንቺ በይኝ፣ ታላቄ ነሽ እኮ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «እሺ ዶክተር፣ እንዳሉ» ብዬ መለስኩ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቁኝም።

ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። ጅቡቲ ወደብ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ሁለት ደሴቶች አሉ፣ አንዷ ተለቅ፣ አንዷ አነስ ያለች። በሁለቱም ዳርቻ አንድ ዓይነት ሸርጣን ይኖራል። የአንዷ ደሴት ሸርጣን ከሌላዋ ደሴት ሸርጣን በመልክ ይለያል ወይ? ከተለየስ በምኑ ነው? «የቆላው የግራና በግና የደጋ በግ ያው በግ ነው» አሉኝ። «ጸጉሩን ስታዪ ግን ትለዪዋለሽ፤ አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። በመካከል ያለው ተራራ ሳይሆን ውኃ መሆኑ ነው ልዩነቱ።»

አለካኩን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሸርጣኑን ከአልኮል አውጥተሽ በጨርቅ ታደርቂያለሽ። ገልብጠሽ ሆዱ ላይ የታጠፈውን ክዳን ታያለሽ፤ ጠባብ ከሆነ ወንድ ነው፣ ሰፊ ከሆነ ሴት። ከዚያ ካሊፐር በሚባለው ባለ ሁለት ጥርስ መለኪያ የጀርባውን ቅርፊት ሰፊ በሆነበት ቦታ ትለኪያለሽ። ቀጥሎ እንደ እጅ የሚይዝበትን ትልቁን መቆንጠጫ፣ ርዝመቱንና ውፍረቱን። ካሊፐሩ ቅርፊቱን መንካት እንጂ መጫን የለበትም። የሚጫን እጅ ሁልጊዜ ቁጥሩን ትንሽ ይቀንሳል። ቁጥሩን ታነቢያለሽ፣ ካሊፐሩን ትከፍቺያለሽ፣ እንደ አዲስ ደግመሽ ትለኪያለሽ።

ሸርጣን የሚያመጣልን ሰው ግን አልነበረም። ዶክተር ሰዓዳ ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር እንደሆነና ከወደቡ ጭነት እንደሚያመላልስ ሰምተው ኖሯል፤ አፍረት ይዟቸው ጠየቁኝ። እኔም ማታ ለሙላው ነገርኩት።

«ሸርጣን?» አለ። «ዘነቡ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሸርጣን ልታስጭኚኝ?»

«ብላው አልተባልክ።»

«የምበላውማ በግ ሞልቶ! ይሄ ነገር መኪናዬ ላይ መውጣቱን የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን እላለሁ?»

«ለትምህርት ነው ትላለህ። በበረዶ ሳጥን ነው የሚመጣው።»

«ቢነክሰኝስ?»

«ሞቶ ነው የምትረከበው።»

«እሱስ ደህና» አለና ወደ ምግቡ ተመለሰ። መስማማቱን በዚያ አወቅሁ።

ወደቡ ላይ የጭነት ተራ ሲጠብቅ ከሁለት ዓሣ አጥማጆች ጋር ተዋወቀ። አንዱ የትልቋን ደሴት ዳርቻ ያጠምዳል፣ አንዱ የትንሿን። ዶክተር ሰዓዳ ሁለት ሳጥን ሰጡት፤ ሰማያዊው ለትልቋ፣ ቀዩ ለትንሿ። ሙላው አንድም ቀን ሳጥን አምታቶ አያውቅም። ሐራ ከተማ ሲደርስ ይደውልልኛል፤ ወልድያ ላይ ሳጥኖቹን በገዛ እጁ እስከ ላቦራቶሪው በር ያደርሳል፤ ከበሩ ግን አያልፍም። «ሽታው የናንተ ነው» ይላል።

መጀመሪያ «ያ ነገር» ነበር የሚላቸው። እየዋለ እያደረ «የኔ ሸርጣኖች» አለ። መርሳ ቤታችን በገባ ቁጥር ጫማውን ሳያወልቅ «የኔ ሸርጣኖች ምን ተገኘባቸው?» ይለኝ ነበር።

የተገኘባቸው ነገር ነበር። የትልቋ ደሴት ሸርጣኖች ከትንሿ ይልቅ ሰፋ ያሉ ናቸው። መቆንጠጫቸውም ወፍራም ነው። ዶክተር ሰዓዳ ሲያስረዱኝ፣ በትልቋ ደሴት ዳርቻ ያለው ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ ደንዳና ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለመስበር ወፍራም መቆንጠጫ ያስፈልጋል አሉኝ። ይህንን ለሙላው ስነግረው «ታዲያ ሰውስ እንደዚሁ አይደል? ድንጋይ የሚፈልጥን ሰው እጁን እይው» አለ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። እኔ ወደ ቴክኒሻንነት አደግሁ። አቶ ታደገ ጡረታ ወጡ። መንገድ የተዘጋበት ጊዜም ነበር፤ ሲከፈት ሙላው ሳጥኖቹን አጥቦ እንደገና ወጣ። በመጨረሻ ዶክተር ሰዓዳ ጽሑፉን ጨርሰው ለሚያሳትሙት ላኩ።

መልሱ ሳይመጣ ሙላው ታመመ። ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው። ከዚያ ግራና፣ አባቱ ጎን ቀበርነው። ልጅ አልወለድንም። ቤት ውስጥ የቀረኝ የእሱ ጃኬትና ባዶዎቹ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ ወልድያ ደግሞ እነዚያ ብልቃጦች። ጥቁር ለብሼ ወደ ሥራ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ናሙና ክፍሉ ነው። አልኮሉን ሞላሁ። ክዳኖቹን አጠበቅሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተር ሰዓዳ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። መልሱ መጥቷል። ጽሑፉን የመረመሩት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ጠይቀዋል። ናሙናዎቹ ሲሰበሰቡ ማን መረጣቸው? እንዴት?

«እትዬ፣ ሙላው ነፍሱን ይማረውና፣ ነግሮሽ ያውቃል? እኔ የተሰጠውን ተቀብሎ እንደሚመጣ ነበር የማስበው።»

ነግሮኝ ነበር። ጓሮ ሳጥን ስናጥብ ነው። «የትልቋ ደሴት ሰውዬ ጠዋት ክምሩን ይዘረግፍልኛል» አለኝ። «ዝም ብዬ የማነሳ እንዳይመስልሽ። እያገላበጥኩ ነው። ኮሳሳውን እተዋለሁ፣ እግር የጎደለውን እተዋለሁ። ደህና ደህናውን ነው ያመጣሁልሽ።» በግ ሲገዛም እንደዚያው ነው። ሐራ ገበያ ወገቡን ጨብጦ፣ ጥርሱን አይቶ፣ አራቱንም እግር ዳስሶ ካልሆነ አይገዛም። የትንሿ ደሴት ሰው ግን ከባሕር የሚመለሰው ሙላው ጭነት ላይ እያለ ነው፤ ቀዩን ሳጥን ራሱ ሞልቶ ሙላው በረዶ ከሚገዛው ሰው ዘንድ ይተውለታል። እዚያ የመረጠ የለም። ያኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት እንደ ደግነት ነው። ደግነትም ነበር።

አሁን ግን ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከአንዷ ደሴት የተመረጠ፣ ከሌላዋ ያልተመረጠ። የትልቋ ደሴት ሸርጣን ትልቅ የሆነው ባሕሩ አሳድጎት ነው ወይስ ሙላው ትልቁን አንስቶ?

አልነገረኝም ብል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው አንድ እሱ ነው፣ እሱም ግራና ነው። የፈራሁት ለእሱ ነው። ስንት ዓመት በዚያ ሙቀት በረዶ እየገዛ ያመጣው ሁሉ ከንቱ ነው ተብሎ እንዳይደፋ፣ ስሙም ሥራ አበላሽቶ እንደሄደ ሰው እንዳይነሳ። ካሊፐሩን አስቀመጥኩና ነገርኳቸው።

ዶክተር ሰዓዳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከቀዩ ሳጥን አልመረጠም?»

«አልመረጠም።»

«እንግዲያ የለካነው ደሴቷን ይሁን ሙላውን አናውቅም ማለት ነው።»

«ይደፋሉ?» አልኩ።

«ማን ይደፋቸዋል? ወላሂ አንድም አይደፋም!» አሉ። «እንደገና እናስመጣለን። ከሁለቱም ደሴት፣ ማንም ሳይመርጥ። ልዩነቱ ካለ ያኔም ይኖራል። ከሌለ ደግሞ የለም፤ የለም ብለን እንጽፋለን።»

የሙላው የሥራ ባልደረባ ይማም የሐራ ሰው ነው፣ በዚያው መንገድ ይነዳል። ሳጥኖቹን ልሰጠው ስሄድ መኪናው ሥር ገብቶ ነበር። ቅባት በቅባት ሆኖ ወጣ።

«ይማም፣ እንዳትመርጥ» አልኩት። «መረቡ ያወጣውን ሁሉ፣ ከላይ ጀምረህ ሳጥኑ እስኪሞላ።»

«ኮሳሳውንም?»

«ኮሳሳውንም።»

«እግር የሌለውን?»

«እሱንም።»

«እንዴ እህቴ! ሙላው ይሄን ቢሰማ ዳግመኛ አብሮኝ ሻይ አይጠጣም ነበር።» ከዚያ ደነገጠ፤ ማንን እያናገረ እንደሆነ ያኔ ነው ትዝ ያለው። እኔ ግን ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። እሱም ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ሳቀ፣ ቅባቱ ፊቱን አጠቆረው።

ሳጥኖቹ እስኪመጡ ያለውን ጊዜ አላወራውም። ይማም ሲደውል በሚኒባስ ሐራ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ትንንሽ አለ፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው አለ፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ አለ። ሙላው አንዱንም አያነሳም ነበር።

ዶክተር ሰዓዳ ከየትኛው ደሴት እንደሆነ ሳላውቅ እንድለካ ፈለጉ። ብልቃጦቹን ራሳቸው አዘጋጁ፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ቁጥር ለጠፉባቸው። እኔ እለካለሁ፣ አዲሱ ረዳት ይጽፋል። እንደ ቀድሞው ነክቼ እንጂ ሳልጫን ለካሁ። አንዱን መቆንጠጫ ስይዝ ይኼ የትልቋ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ እሱን ሐሳብ አባርሬ ቁጥሩን አነባለሁ።

የመጨረሻው ሸርጣን ተለክቶ ሲያበቃ እሳቸው ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ማጠቢያው ጋ ሆኜ የታጠበ ብልቃጥ እንደገና አጥባለሁ።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ።»

እጄን ሳላደርቅ ሄድኩ።

«በስፋት ልዩነት የለም» አሉ። «የሁለቱም ደሴት ሸርጣን እኩል ነው። ትልቅነቱ ሙላው ነበር።»

ወንበር ያዝኩ።

«ቁጭ በይ፣ አልጨረስኩም። አሁን ይኼን እዪ። እኩል ስፋት ያላቸውን ሸርጣኖች ጎን ለጎን አድርጌ የመቆንጠጫቸውን ውፍረት ሳወዳድር የትልቋ ይበልጣል። በአዲሶቹም ይበልጣል፣ በድሮዎቹም ይበልጣል። በኮሳሳዎቹ ላይም አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ይኼ የደሴቷ ነው፤ ማንም አልመረጠውም!»

ተቀመጥኩ። መልሱ ከመጣ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተጫነ ነገር ሲነሳ በግልጽ ተሰማኝ። ሐዘኑ አልተነሳም፤ እሱ አሁንም አለ። የተነሳው ፍርሃቱ ነው። አለቀስኩ፣ ግን እፎይ ያለ ሰው ልቅሶ ነበር። ዶክተር ሰዓዳ ውኃ አምጥተውልኝ ጋወኔ ላይ አፈሰሱት፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን።

ጽሑፉ እንደገና ተጻፈ። ስለ ትልቅነት የሚለው ክፍል ተሰረዘ፣ ስለ መቆንጠጫው የሚለው ባለበት ቆየ። ዶክተር ሰዓዳ ናሙናው እንዴት እንደተሰበሰበ በሚያስረዳው ቦታ፣ የመጀመሪያዎቹ የትልቋ ደሴት ሸርጣኖች በሾፌሩ ዓይን የተመረጡ መሆናቸውን ጻፉ። «ስሙ ይግባ ወይስ ሾፌሩ ብቻ ልበል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይግባ» አልኩ። «ደህና ደህናውን የመረጠው እሱ ነው።»

የድሮዎቹ ብልቃጦች ዛሬም መደርደሪያው ላይ ናቸው። የትልቋን ደሴት ሰማያዊ ምልክት ካላቸው አንዱን አንስታችሁ እዩት። እግሩ አልጎደለም፣ ቅርፊቱ አልተሰነጠቀም። በባሕሩ ዳርቻ ያለ ሸርጣን ሁሉ እንደዚያ አያምርም። የሙላው እጅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ለቁጥሩ ባይጠቅምም አልኮሉን እንዳታጎድሉበት።

ናሙና ስትረከቡ ከመለካታችሁ በፊት ያመጣውን ሰው አስቀምጡና እንዴት እንደመረጠ ጠይቁት። በሕይወት ሳለ ጠይቁት።