ፌንጣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ

እህቴን ፌንጣ ብሎ የሰየማት ማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክረናል። እማዬ እኔ ነኝ ትላለች፣ እኔም እኔ ነኝ እላለሁ። ያወጣው ማንም ይሁን ማን ስሙ ልኳ ነው። ገና በዳዴ ዘመኗ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠናት ዞር ስንል በሩ ጋ እናገኛት ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ መምህሯ እማዬን አስጠርተው፣ «ልጅዎ ምስማር ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው?» ብለው ጠየቋት። እማዬ በሳቅ ፈረሰች፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ይቺ ልጅ አድጋ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ሆነች። መስመሯን ይዛ ስትፈተለክ ተከላካዮቹ ጀርባዋን እያዩ ይቀራሉ፤ ደጋፊው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ክለብ ግን አይበረክትላትም። አንዱ ጋ ፈርማ ልብሷን ከሻንጣ ሳታወጣ ሌላው ይጠራታል፣ እሷም ትሄዳለች። በየመሀሉ ማረፊያዋ የእኔ ቤት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ያለው የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የእሷም አልጋ ከመኪናው ኋላ ነው። እኔ ስሰፋ እሷ የክር በከራዎቼን በውስጥ እግሯ ታንከባልላለች። ክሩ በወንበሩ እግር ላይ ሲጠመጠም እኔ እሳደባለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

«አንድ ቦታ አርፈሽ ብትቀመጪ ምናለበት?» ስላት፣

«እትዬ፣ መቀመጥ ብወድማ በረኛ እሆን ነበር» ትለኛለች።

ጉልበቷ የተጎዳው ሜዳ ላይ ማንም ሳይነካት ነው። ብቻዋን ስትዞር ወደቀች። በቃሬዛ ሲያወጧት ፊቷን በማሊያዋ ሸፍና ነበር። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ ሐኪሙ መራመድ ትችያለሽ፣ ቀስ ብሎ መሮጥም ይቻላል፣ ውድድር ግን አበቃ አላት። ጉልበቱ ዳግመኛ ከተጎዳ ለመራመዱም ዋስትና እንደሌለው ነገራት። እኔ እዚያው አለቀስኩ። እሷ ሐኪሙ ንግግሩን ሳይጨርስ ምርኩዟን ይዛ ተነስታ ነበር። ሌላው ተጫዋች ሲያቆም ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨብጭበው ይሸኙታል። ለእሷ ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ወዲያ ቤቴን አመሰችው። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ምርኩዙ ሲንኳኳ ልኬት የሚያስወስድ ደንበኛ መቆም እንኳ ያቅተው ነበር። አንዷ ቀሚስ እያስለካች፣ «ልጅቷ ሰው ትጠብቃለች?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት፤ «ማንን እንደሆነ ግን አልነገረችንም።»

በመጨረሻ የተጫወተችበት ክለብ አሰልጣኝ ቤት ድረስ መጡ። ንግግር የማያበዙ፣ ከተናገሩ ግን ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ረዳት እንድትሆናቸው ጠየቋት። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሏት፤ «ወንበርሽ ላይ እንድትቀመጪ። የምትጫወቺ እየመሰለሽ ከተነሳሽ ጨዋታውን አታዪውም፣ ልጆቹንም ትረብሺያለሽ።»

እሷ ሳታንገራግር እሺ አለች። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

«አትችይውም» አልኳት ሲሄዱ።

«እችላለሁ። ካልቻልኩ ሌላ ምን አለኝ?»

እውነቷን ነበር። ትምህርቱን ለኳስ ብላ ትታዋለች፤ ሌላ ሙያ አልያዘችም። ያቺን ወንበር ካጣች ከሜዳ ጋር የሚያገናኛት ነገር አይኖርም።

ተቀመጠች። ሄጄ አይቻታለሁ፤ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የታሰረ ጥጃ መስላ። ልጆቹ ግን ወደዷት። በእሷ ቦታ የገባችውን፣ ዝምተኛዋ የሚሏትን ልጅ፣ የምታውቀውን ሁሉ አስተማረቻት። ኳሱን ሳይሆን የተከላካይዋን ዳሌ እዪ፤ ዳሌዋ የዞረበትን ትተሽ በሌላው እለፊ። ዝምተኛዋ ቃል ሳትተነፍስ የተባለችውን ታደርጋለች። እህቴ ቤት ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ ስለዚያች ልጅ ሆነ።

ቡድኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲንገዳገድ ከርሞ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሰ። አቻ ከወጡ ሊጉ ውስጥ ይቆያሉ፣ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። ከወረዱ ደግሞ ክለቡ ብዙዎቹን ልጆች እንደሚያሰናብት አስቀድሞ ነግሯቸዋል። እኔም ቤቴን ዘግቼ ሄድኩና ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ኋላ ተቀመጥኩ።

አንድ ለአንድ ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ተቃረበ። የባላጋራ ተከላካይ የመታችው ኳስ በመስመሩ ጥግ ለጥግ እየተንከባለለ ወደ እኛ ወንበር መጣ። ዝምተኛዋ ከኋላው ትሮጣለች፣ ግን አትደርስበትም። መድረስም አያስፈልጋትም ነበር፤ ሲወጣ የእጅ ውርወራው የእኛ ነው። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር።

ፌንጣ ተነሳች። «ተቀመጪ» አልኩ በለሆሳስ። በተሰፋው እግሯ መስመሩን ተሻግራ ገባች፣ ኳሱን ሳይወጣ በውስጥ እግሯ አስቀርታ ወደ ፊት ገፋችው። ኳሱ ከዝምተኛዋ እግር ሥር ገባ። ልጅቷም ለምዳው ነው መሰለኝ ይዛው በረረች። ከዚያ የዳኛዋ ፊሽካ ተነፋ።

ለእህቴ ቀይ፣ ለባላጋራዎቻችን ቅጣት ምት። አሻሟት፣ አንዷ በጭንቅላቷ ገጨቻት፣ በረኛችን ዘላ አልደረሰችባትም። ወረድን። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ እህቴ አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር።

ከተማው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ሆነ፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። በማግሥቱ አሰልጣኙ መጡ። ሻይ ቀዳሁላቸውና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ የምሰፋ መሰልኩ እንጂ እግሬ ፔዳሉን አልረገጠም።

«የክለቡ ኃላፊዎች ይጠይቁሻል» አሏት። «ሳላስበው እግሬ ቀደመኝ በያቸው። ያምኑሻል። እኔም አምንሻለሁ። ታች ወርደን የቀሩትን ልጆች ይዘን እንደ አዲስ እንሠራለን፤ አንቺም ከእኔ ጋር ትቀጥያለሽ።»

በሆዴ፣ በይ እንጂ፣ በይ እላለሁ። አንዲት ቃል ናት።

«ኮች» አለች እህቴ፣ «እግሬ አልቀደመኝም። ኳሷን ስትመጣ አይቻታለሁ። ውርወራው የእኛ እንደሆነም አውቃለሁ። ልጆቹንም አስቤያቸዋለሁ። እኔ በቃሬዛ ነው የወጣሁት። አንዲት ኳስ በእግሬ ማቀበል አማረኝ።»

አሰልጣኙ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እንዲህ ከሆነ ልጆቹን አምኜ ልሰጥሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የነገርኩዎት።»

ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ። በሩ ላይ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊቷን ሳያዩ፣ «ቆንጆ ኳስ ነበረች» ብለው ወጡ።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ልጅ አብደሻል? ሳላስበው ማለት ምን ያቅታል?»

«ብዋሽ ደግሜ ከወንበሩ እነሳለሁ፣ እትዬ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ቃሬዛ ላይ እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አልሰማኋትም። ያን ጊዜ ቁጣዬ ሁሉ ጠፋ።

ፊቷን ታጥባ ወጣች። ወደ ዝምተኛዋ ቤት መሄዷን የነገረችኝ ስትመለስ ነው። ልጅቷ ከክለቡ ከተሰናበቱት አንዷ ነበረች። በሩን ከፍታ፣ እህቴ አስቤ ነው የመታሁት ስትላት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ በሩን ዘጋችባት።

«ልክ ናት» አለችኝ እህቴ። «እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።»