ጫማ አንሺዋ

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኮበር ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የክፍላችን በር በተንኳኳ ቁጥር ልጆቹ ሁሉ ወደ በሩ ያያሉ፤ እኔ ግን ወደ እግራቸው አያለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ይህን ልብ ብላ «መሬት መሬቱን የምታዪው ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ። በአጭሩ ልነግራት ሞከርኩ፤ ሳቄ እየቀደመኝ አልሆነልኝም። ስለዚህ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ተወልጄ ያደግኩት ደማም ከተማ፣ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ነው። አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ ከወሎ መጥቶ አል መዝሩዒያ ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ተቀጠረ፤ በየሰዉ ቤት እየዞረ መጋረጃ ይሰቅላል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ካፊሉ፣ ማለትም በእሱ ስም የምንኖርበት አሠሪው፣ ሞተ። ልጆቹ ሱቁን ዘጉት፤ የኛም ኢቃማ ሳይታደስ ቀረ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት አይመዘግብም። አባቴ «እስከሚቀጥለው ዓመት ነው፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝ። የሚቀጥለው ዓመት ለመምጣት ስድስት ዓመት ፈጀበት።

በእነዚያ ዓመታት ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው። አባቴ ሲመጣ አያንኳኳም፤ ቁልፉን ሁለቴ ያቅጨለጭላል። ሌላ ሰው ካንኳኳ ግን ፈቃድ የሚፈትሽ ፖሊስ ሊሆን ስለሚችል ቤቱ ባዶ ቤት መምሰል አለበት። እናቴ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፤ ታናሽ እህቴን ብድግ አድርጋ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። የኔ ድርሻ ጫማ ነበር። በራችን ከሥሩ ክፍተት ስላለው ጎንበስ ያለ ሰው ጫማችንን አይቶ ስንት እንደሆንን መቁጠር ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አቅፌ፣ በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ ጓዳ እገባለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ለጫማ የተፈጠረች ናት» ስትል እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ወዲህ ሌላ የምመሰገንበት ነገር አልነበረኝማ። ያንኳኳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሩ የተሳሳተበት እንግዳ ነበር።

ትምህርቱን ግን ጨርሶ አልተውኩትም። እዚህ ፈተናው ባለቀ ቀን ብዙው ተማሪ መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎት ነው የሚሄደው። አባቴ ያን ቀን ጠብቆ ከሴቶቹ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ይለቅምልኛል። መልመጃዎቹ ተሠርተው ስለሚመጡልኝ መጀመሪያ ላጲስ ይዤ መልሱን አጠፋለሁ፤ ከዚያ ራሴ እሠራዋለሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈውን ግን ምን ይደረጋል? የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፌ ባለቤት ክፍልፋይ ላይ ሁልጊዜ ትሳሳት ነበር፤ ያውም በእስክሪብቶ፣ ያውም አስምራበት። «አንቺ ደግሞ! የታችኛውን ቁጥር ማን ደምሪ አለሽ?» እያልኩ ብቻዬን እጮህባታለሁ። ክፍልፋይን የተማርኩት ከማላውቃት ልጅ ጋር በመከራከር ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ አዲስ ካፊል አገኘ፤ ኢቃማችን ወጣ። ካርዴን በፊቱም በጀርባውም ሳምኩት። ወዲያው አባቴ ትልልቅ ሴቶች ከሰዓት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወሰደኝ። መዝጋቢዋ «የምደባ ፈተና አለ» አለችኝ። «ካለፍሽ አሥረኛ ክፍል ትገቢያለሽ። ከወደቅሽ ካቆምሽበት፣ ከሰባተኛ ትጀምሪያለሽ። የምትፈተኚው አንዴ ብቻ ነው።»

ልዩነቱ ሦስት ዓመት ነው። ያመለጡኝ ስድስት ዓመታት ላይ ሌላ ሦስት መጨመር አልፈልግም ነበር። እናቴ ደግሞ ለሕንፃው ሴቶች በሙሉ «ልጄ አሥረኛ ገባች» ብላ አውርታ ጨርሳለች።

«እማ፣ ገና እኮ አልተፈተንኩም!»

«ታዲያ ተፈተኚና እውነት አድርጊዋ!»

ታናሽ እህቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን እሷም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። «ሰባተኛ ከገባሽ ወላሂ እደርስብሻለሁ» አለችኝ። «ደርሼብሽ አልፍሽና የቤት ሥራሽን አርምልሻለሁ።»

ለፈተናው የእናቴን ጥቁር ቆዳ ጫማ አደረግኩ፤ የኔ ነጠላ ጫማ ለፈተና አይመጥንም ተባለ። ስለሰፋኝ ጫፉ ላይ ሶፍት ጠቀጠቅንበት።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ነበርን፤ አብዛኞቹ የልጆች እናቶች ናቸው። ከፊቴ አንዲት ሰፊ ትከሻ ያላት የመናዊት ተቀምጣለች። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ገና ስታየኝ «ያገሬ ልጅ ነሽ አይደል?» አለችኝ፤ የደሴ ሰው ናት። «ቢስሚላህ በይና ጀምሪ፣ የኔ ልጅ። እኔ እንደሆን ስሜን ከጻፍኩ ይበቃኛል።» ፈታኟ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሳዑዲያዊት ነበረች። «ከቦታዋ የተነሳች ወረቀቷን አስረከበች ማለት ነው። ኸላስ፣ አለቀ» አለችን።

ወለሉ ምንጣፍ ነበር። ትንሽ እንደቆየን ሴቶቹ የጠበባቸውን ጫማ እያወለቁ ወንበራቸው ሥር አኖሩ። እኔም የሰፋኝን አወለቅኩ። ሒሳቡ ላይ ስደርስ ክፍልፋይ አገኘሁ! ያቺ ባለ እስክሪብቶ ስትሳሳተው የኖረችው ዓይነት ጥያቄ ነው። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። እርሳሴን ገና ሳሳርፍ በሩ ተመታ። ሦስት ጊዜ፣ ከባድ።

ቀጥሎ የሆነውን ያደረጉት እጆቼ እንጂ እኔ አይደለሁም። ጎንበስ ብዬ የራሴን፣ የደሴዋን ሴትዮና የየመናዊቷን ጫማ አቀፍኩ። በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ ሄጄ ከክፍሉ ጀርባ ካለው ቁም ሳጥን አጠገብ ተሸጎጥኩ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲያውም «ዛሬስ ቤቱ በደንብ ጸጥ ብሏል» ብዬ አሰብኩ። የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በሩ ተከፈተና የጽዳት ሠራተኛዋ የውሃ ካርቶን ታቅፋ ገባች። እጇ ስላልተረፋት በእግሯ ነበር የመታችው።

«ልጄ» አለች ፈታኟ በዓረብኛ፣ «ጫማዎቹ ወዴት እየሄዱ ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። የመናዊቷ ወንበሯ ሥር በእግሯ ስትዳብስ ቆይታ «የኔም የለም!» ብላ ጮኸች።

ፈታኟ ወረቀቴን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳችው። ሰባተኛ ክፍል። እህቴ የቤት ሥራዬን በቀይ ስታርም ታየኝ። ፈታኟ ጫማዎቹን ተቀብላ አንድ በአንድ ውስጣቸውን ፈተሸች፤ ከእናቴ ጫማ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ክፍሉ ሁሉ «ውይ!» አለ። ዘረጋችው፤ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፤ ገለበጠችው። ሶፍት ነው።

«ለምንድን ነው ጫማ ያነሳሽው?»

የሚረባ ውሸት አልመጣልኝም። «ቤታችን በር ሲንኳኳ ጫማ የማነሳው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«ሰው እንዳለ እንዳይታወቅ።»

የደሴዋ ሴትዮ እጇን አወጣች። «መምህርት፣ እውነቷን ነው። ዱሮ እኛ ቤት መብራት የማጠፋው እኔ ነበርኩ። አሁንም ልነሳ ነበር፤ ማጥፊያው ራቀብኝ እንጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ለካ ጫማም ይነሳል! እኛ እኮ መብራት አጥፍተን ጫማውን እንደ ሱቅ ደርድረን ነው የምንደበቀው!» አለችኝ።

ሳቄን ልውጠው ሞከርኩ፤ አልዋጥ አለኝ። አማርኛ የማይሰሙትም ሴትዮዋን እያዩ መሳቅ ጀመሩ።

ፈታኟ ኢቃማዬን ጠየቀችኝ። አዲስ ስለሆነ ያብለጨልጫል። ቀኑን አየች፤ ፎቶውን አየች፤ ባዶ እግሬን አየች። መጀመሪያ የከንፈሯ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ መነጽሯን አወለቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንባዋን በእጇ ባለው ሶፍት ልትጠርግ ስትል ከየት እንደወጣ አስታውሳ ጣለችው። ያኔ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለችኝ ወረቀቴን እየመለሰች። «ለመኮረጅ አልተነሳሽም። ሂጂ ተቀመጪ። እዚህ ክፍል በር መክፈት የኔ ሥራ ነው፤ ያንቺ ሥራ መጻፍ ነው።»

የቀረውን ሳቄን እያፈንኩ ጻፍኩት። አንዷ ከጥግ ሳቋ አምልጧት «ፍፍፍ» ስትል ሁላችንም ጠረጴዛችን ላይ እንደፋለን። የመናዊቷ ጫማዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በየመሀሉ ዞራ በዓይኗ እየጠበቀችኝ ጨረሰች።

በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቤታችን በር ተመታ። ሦስት ጊዜ፣ ከባድ። ኢቃማችን እጃችን ላይ ነው፤ ሕጉን ግን የሻረው ሰው አልነበረም። እናቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። እህቴ በራሷ እግር መታጠቢያ ቤት ገባች። እኔም ጫማዎቹን አቅፌ እስከ ጓዳው በር ደረስኩና ቆምኩ። ካርዱን አሰብኩ፤ ፈታኟን አሰብኩ። ተመልሼ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንዱን በቦታቸው ደረደርኳቸው። እናቴ ከጓዳው ውስጥ በእጇ ምልክት «አብደሻል?» ትለኛለች። ሄጄ ከፈትኩት።

አባቴ ነበር። በሁለት እጁ ኩናፋ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ ይዟል፤ ቁልፉን በጥርሱ ነክሷል፤ ብብቱ ሥር ወረቀት አለ። በሩ በመከፈቱ ከኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ። ማን ክፈቺ አለሽ ሊለኝ ሲል ቁልፉ ከአፉ ኩናፋው ላይ ወደቀ።

ከመታጠቢያ ቤት የእህቴ ሹክሹክታ መጣ፤ «ማነው?»

«የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አባት!» ብሎ አባቴ ሕንፃው እስኪሰማ ጮኸ።

እናቴ «አላልኩም?» እያለች ከጓዳ በእልልታ ወጣች። እህቴ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ብቅ ብላ በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ «ትንሽ ጠብቂኝ እንጂ!» አለችኝ።

ያን ቀን በራችን ክፍት ዋለ። የሕንፃው ሴቶች ኩናፋውን ሊቀምሱ ከነልጆቻቸው መጡ፤ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ ጫማ በጫማ ሆነ። አንዱንም አላነሳሁም።