ለጣዝማ የዞረው እርከን

ትናንት ላሊበላ ገበያ አንዲት ሴት የጣዝማ ማር አስቀመሰችኝ። ኮምጠጥ ያለው መዓዛው ሲሸተኝ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለው ዳገት ትዝ አለኝ።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው፤ ገና ልጅ ነበርኩ። መንደሩ በሙሉ ለእርዳታ ስንዴ እርከን ይሠራል። ባሕር ዛፍ ሊተከል ቁጥቋጦው ስለተመነጠረ ወፎቹ ሁሉ በተረፈችው አንዲት ቀጋ ላይ ተሰብስበው ይንጫጫሉ። ከቀጋዋ ሥር፣ መሬት ውስጥ፣ ጣዝማ የምትባለው ትንሿ ንብ ጎጆ ነበራት፤ የእርከኑም መስመር በዚያው ላይ ያልፋል። እናቴ መስመሩን ልትቆፍር ዶማዋን ስታነሣ የጎረቤታችን መነኩሲት እማሆይ መጥተው የጣዝማዋ ቀዳዳ አጠገብ ተቀመጡ።

«እማሆይ፣ ይነሡ እንጂ» አሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። «እርከኑ ከተጣመመ እርዳታ ሰጪዎቹ ስንዴውን ይከለክሉናል።»

«ልጄ፣ ውሃም ቋጥኝ ሲገጥመው ዞሮ ያልፋል። በዚያ ክፉ ቀን ሕፃናቱ ሲያስላቸው የሰጠናቸው የሷን ማር ነው። እሷም የዚህ ተራራ ሰው ናት።»

ቤታችን ውስጥ አንድ እፍኝ እህል አልነበረም። እናቴ ግን ዶማዋን ጥላ እጄን ይዛ ከእማሆይ ጎን ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ጥቂት ሲያዩን ቆዩና ድንጋይ አንሥተው፣ ቀጋዋን አዙረው መደርደር ጀመሩ።

ስንዴውን ማንም አልከለከለንም። እርከኑ ዛሬም አፈሩን ይዟል፤ ጣዝማ ግን ከቁጥቋጦው ጋር እየጠፋች ሄዳለች ይላሉ። ያን ቀን ፈርታ ነበር ወይ ብዬ እናቴን ሳልጠይቃት አረፈች። የመጨረሻው ድንጋይ እስኪደረደር ግን እጄን አልለቀቀችም። እግዜር ነፍሷን ይማር።