የቀይዋ መኪና የመጀመሪያ ጉዞ

ያቺን አሮጌ ቀይ ስፖርት መኪና የገዛሁት በረዶ ሊጥል ሲል ስለነበር፣ ዊንተሩን ሙሉ አሜሪካ፣ ዶቨር ከተማ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ስወለውላት ከረምኩ። በረዶው እንደቀለጠ ቁልፉን ይዤ ስሮጥ፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሹፌርነት የጨረሱት ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ያዙኝ።

«ኮፈኗን ከፍተህ አይተሃል?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«ታዲያ ወዴት ነው የምትበረው?»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ዘይቱን አስቀየሩኝ፤ የፍሬኑን ሸራ አዩ። አዲስ የሚመስለኝን ጎማ ተንበርክከው የተሠራበትን ዓመት አነበቡና «ይሄማ ከልጅህ በዕድሜ ይበልጣል» ብለው አራቱንም አስጣሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «አሁንስ ጋሼ?» ስል መልሳቸው «ቆይ!» ብቻ ነበር። ልፈነዳ ደረስኩ።

በአራተኛው ቀን ኮፈኑን ከደኑና ለእኔም ለእሷም ዱዓ አደረጉልን። በደስታ ዘልዬ በሩን ስከፍት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን አምጣ፤ ፍሬኑን መጀመሪያ እኔ ልሞክረው።»

ለታላቅ ሰው እምቢ ይባላል? በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ፔገን ትሬል የሚባለው መንገድ ላይ ወጥተን ሞተሩ ሲያገሳ፣ በገዛ መኪናዬ ተሳፋሪ ሆኜ እንደ ልጅ ጮህኩ። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ስንደርስ ቀስ አሉ።

«ፍሬኗ ይይዛል። በቃ፣ ልውረድልህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ዙር ይድገሙልኝ!»