ዝግባዎቹ የታጠቁት ቀበቶ

ትናንት ቀበቶዬ አልደርስ ብሎኝ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስበሳ ባለቤቴ አየችኝና፣ «ዲላ ከተማ እንኳ እንዳንተ ወገብ በፍጥነት አልሰፋችም» አለችኝ። መሳቅ ጀምሬ መሃል ላይ አቆምኩ። የአባ ሹንዴ ዝግባዎች ትዝ አሉኝ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ የደን ተመራማሪ ከገደብ ከተማ በላይ ባለው ተራራ በአሥራ ሁለት ዝግባዎች ወገብ ቀጭን የብረት ቀበቶ አሰረ። ግንዱ ሲወፍር ቀበቶው ላይ ያለው ምልክት ይንቀሳቀሳል፤ የኔ ሥራ በየወሩ ወጥቼ ልኩን መመዝገብ ነበር። «ዝናቡ እየዘገየ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ነው፤ ዛፎቹ ምን እንደሚሉ እንስማ» አለኝ።

ሁለት ወር በደንብ ወጣሁ። በሦስተኛው ግን አቀበቱ መንግሥተ ሰማያት የሚያደርስ መሰለኝ። ገደብ ገበያ ቁጭ ብዬ ትኩስ ቆጮ በአይብ እየጎረስኩ ቁጥሩን ከራሴ አወጣሁ። እጄ ደግሞ ለጋስ ነው፤ ዛፎቹን እንደ ፋሲካ ሙክት አደለብኳቸው።

የዛፎቹ ባለቤት አባ ሹንዴ አንድ የገበያ ቀን እዚያው አገኙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዛፎቼ እንዴት ሆነች? ውሃ ጠማት ወይ?»

«ኧረ አባባ፣ ቀበቶ ሊበጥሱ ነው።»

«እንግዲያ ቅጠሏን ልውሰድ?»

የረገፈውን ቅጠል ጠርገው ለእንሰታቸው ሥር ያለብሱታል። ዝግባዎቹ ከተጠሙ ግን አይነኩትም፤ የአፈሩን እርጥበት የሚይዝላቸው እሱ ነው። ከአባታቸው የተማሩት እንዲህ ነበር።

«ይውሰዱ» አልኩ፣ አፌ ቆጮ እንደሞላ።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ተመራማሪው መጣና ከአባ ሹንዴ ጋር ሦስታችንም ወጣን። ድሮ ጉም የሚያረጥበው መሬት ከእግራችን ሥር አቧራው ይጨሳል። ምልክቶቹ ንቅንቅ አላሉም፤ የአንዱማ ወደ ኋላ ተመልሷል። ዛፍ ይከሳል? እኔ ዛፍ እንደሚከሳ አላውቅም ነበር። አናታቸው ደርቋል፤ ሥራቸው እንደ ተጠረገ ደጅ ራቁቱን ቀርቷል።

ተመራማሪው ደብተሬን ገለጠ፤ ዛፉን አየ፤ ተመልሶ ደብተሩን አየ። አባ ሹንዴ ያዩት ግን እኔን ነው።

«ጠየቅኩህ እኮ» አሉኝ በዝግታ። «ቅጠሏን ጠየቅኩህ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ከእንሰቱ ሥር የቀረውን ቅጠል በጆንያ እየተሸከምኩ ያንኑ አቀበት ስመላለስበት ከረምኩ። አምስቱ ግን ደርቀው ቀሩ።

ማጋነኑን አልተውኩም፤ ያለሱ ምግብም አይፈጭልኝም። ሰባቱን ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ራሴ ወጥቼ እለካለሁ፤ አንዲት ነጥብ አልጨምርም። ባለፈው ጥር እዚያ ተራራ ላይ የወፈረ ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ።